ባለ ክሩ ይሻላል ወይስ ባለ ሶኬቱ?

የአንባቢያን ጥያቄና የፒያኖ ቴክኒሻኑ መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ዲጂታል (ባለ ሶኬት) ፒያኖ ወይስ አኩስቲክ (ባለ ክር)? ሁለቱንም እከፍታለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እጠግናለሁ። ስለዚህ ለአንዱ ወግኜ ሌላውን የማጣጥልበት ምክንያት የለኝም። ተጫዋች ዛሬ የሚሰማውን ድምፅ ያያል። እኔ ደግሞ ክዳኑን ከፍቼ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ነው የማየው። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ፒያኖ መማር ጀምራለች። አስተማሪዋ ‹‹አኩስቲክ ካልሆነ ጣቷ ይበላሻል›› ይላል። ባለቤቴ ዲጂታል እንግዛ ባይ ነው። በመሀል አንድ ዘመዳችን ሳሎን ውስጥ ለዓመታት ሳይነካ የቆመ ፒያኖ ‹‹በነፃ ውሰዱት›› አለን። ምን ይሻለናል?
— ግራ የገባት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አስተማሪው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ግን እሱ ‹‹አኩስቲክ›› ሲል የሚታየው ደህና ተደርጎ የተያዘ፣ በቅርቡ የተቃኘ ፒያኖ ነው። እናንተ ፊት የቀረበው ምርጫ ሌላ ነው። ለዓመታት የቆመ አሮጌ ፒያኖ በአንድ በኩል፣ ጤነኛ ዲጂታል በሌላ በኩል። ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሲያወዳድር ምርጡን አኩስቲክ ከርካሹ ዲጂታል ጋር ያወዳድራል። ቤቱ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ የተጎዳው አኩስቲክ ነው።

ስለ ነፃው ፒያኖ ልንገርዎ። አንድ ፒያኖ ውስጥ 230 ገደማ የብረት ክሮች አሉ። ቁልፎቹ 88 ሆነው ክሩ የበዛው፣ ከወፍራሞቹ ድምፆች በስተቀር አንዱ መዶሻ ሁለት ወይም ሦስት ክር አብሮ ስለሚመታ ነው። ክሮቹ የተወጠሩበት ኃይል ሲደመር ከ15 ቶን ያልፋል። ይህን ጉልበት የሚሸከመው ትልቅ የብረት ፍሬም ነው። ክሮቹ የተጠመጠሙባቸው ፒኖች ግን የተሰኩት እንጨት ውስጥ ነው። እንጨቱ ደርቆ ከተሰነጠቀ ፒኑ ይላላል። እንዲህ ያለ ፒያኖ ዛሬ ይቃኛል፣ በሳምንቱ ይወርዳል። እኔን ደጋግሞ መጥራት ነው ትርፉ።

ዘመድዎ ቤት ሲሄዱ ስልክዎ ላይ የመቃኛ አፕ ይጫኑ። ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለውን ላ ይምቱ። አፑ 440 ኸርዝ አካባቢ ካሳየ ደስ ይበልዎ። 435 ቢሆንም ችግር የለውም። 415 ካለ ግን ፒያኖው በአንድ ሙሉ ሰሚቶን (እስከ ቀጣዩ ቁልፍ ያለው ርቀት) ወርዷል ማለት ነው። ያንን በአንድ ቀን ልመልሰው ብል ክር ሊበጠስ ይችላል። ሳይበጠስ ቢያልፍም በኋላ የወጠርኳቸው ክሮች ቀድሜ የወጠርኳቸውን ያወርዷቸዋል፤ ክብደቱ ሲጨምር ድምፁን የሚያጎላው የእንጨት ሰሌዳና ፍሬሙ ትንሽ ይለጠጣሉና። ስለዚህ ደጋግሞ መቃኘት ይፈልጋል።

ከዚያ የላዩን ክዳን ከፍተው በስልክዎ ባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። የመዶሻዎቹ አፍንጫ ላይ ክሮቹ የቆረጡት ቦይ ይኖራል። ስስ መስመር ከሆነ ጤነኛ ነው። ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ከሆነ ግን መዶሻው ብዙ ተመቷል፤ በብርጭቆ ወረቀት ቀርጾ ቅርጹን መመለስ ይቻላል፣ የሚቀረጽ ሱፍ እስካለ ድረስ። መዶሻውም ሆነ ዳምፐሩ (ቁልፉ ሲለቀቅ ክሩን ዝም የሚያሰኘው) የታመቀ ሱፍ ስለሆነ ብል ይወደዋል። አይጥ ከገባችበት ደግሞ ሽንቷ ክሩን ያዝገዋል፣ ሽታውም አይለቅም። ቁልፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ይምቷቸው፤ ተጭኖ የማይመለስ፣ ሁለቴ የሚመታ ወይም የሚያንኳኳ ካለ ይመዝግቡ። ሰሌዳው ላይ ስንጥቅ ቢያዩ ቶሎ አይደንግጡ። ሲጫወቱ ዝዝ የማይል ስንጥቅ ድምፁን ብዙ አይጎዳውም። የፒኖቹ ጉዳይ ግን ድርድር የለውም። እሱን የመቃኛ መፍቻ ያለው ቃኚ ይፈትሸው።

ፒኖቹ ጠበቅ ብለው ከተገኙ ውሰዱት። የማጓጓዣውን፣ የመጀመሪያውን ጥገናና ቅኝት ብቻ አስቡበት። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይነት እንኳ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ለወንድሞቻችሁ አሸክማችሁ ደረጃ የምታስወጡት ዕቃ አይደለም። ፒኖቹ ከላሉ ግን ዘመድዎን አመስግነው ዲጂታል ይግዙ። ልጅዎ በየቀኑ የምትሰማው ድምፅ የወረደና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጆሮዋ የሚለምደው እሱን ነው።

ጣቷን በተመለከተ፣ አስተማሪው የፈራው ላስቲክ እንደመጫን የሚቀለውን ኪቦርድ ይመስለኛል። እሱ ላይ እኔም አብሬው ነኝ። የፒያኖ ቁልፍ ቀስ ብሎ እንዲወርድ 50 ግራም ገደማ ክብደት ይፈልጋል፤ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ሲሄድ ይከብዳል፣ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ ይቀላል። ደህና ዲጂታል ይህን ውስጡ ባሉ ትናንሽ መዶሻዎች ያስመስለዋል። 88 ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፉ ባለ መዶሻ ይሁን። ሦስት መቶ ዓይነት ድምፅና ምት አለው ቢሏችሁ አልፋችሁት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲጂታል ፒያኖዬ ላይ አንዷ ቁልፍ አሳበደችኝ። ምንም ያህል ቀስ አድርጌ ብነካት በጩኸት ነው የምትመልሰው። አጠገቧ ያለችው ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ አትሰማም። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን? አዲስ ልግዛ?
— ጀማሪው

መልስ፦ ተረጋጋ ወንድሜ። ቦርድ ሲቃጠል እንዲህ አንዷን ቁልፍ መርጦ አይደለም። የአንተ ችግር ዘጠና በመቶ አቧራ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ላስቲክ አለ። ላስቲኩ ውስጥ ሁለት ጥቁር የካርቦን ነጥቦች አሉ፤ በአንዳንዱ ሞዴል ሦስት። ቁልፉን ስትጫን ነጥቦቹ እኩል አይነኩም። አንደኛው ይቀድማል፣ ሁለተኛው ይከተላል። ማሽኑ የጣትህን ጉልበት አይለካም። የሚለካው በሁለቱ ንክኪ መካከል ያለፈውን ጊዜ ነው። ጊዜው ካጠረ ‹‹በኃይል ተመታሁ›› ይላል፣ ከረዘመ ‹‹ቀስ ተብዬ ተነካሁ›› ይላል። አሁን የመጀመሪያው ነጥብ ላይ አቧራ ገብቶ ንክኪው ዘገየ በል። ሁለቱ ተከታትለው ሳይሆን አንድ ላይ የነኩ ይመስላል። ማሽኑም በጩኸት ይመልስልሃል። ሁለተኛው ነጥብ ጭራሽ ካልነካ ደግሞ ድምፅ የለም። የጎረቤቷም በሽታ ይኸው ነው።

መፍትሔው ማጽዳት ነው። ካቻቢቴ ይዘህ የምትሠራው ሥራ ነው፤ ግን ትዕግሥት ከሌለህ ለባለሙያ ስጠው። ራስህ ከሞከርከው መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ብሎኖቹን ባወጣህ ቁጥር ፎቶ አንሳ፤ ረጅሙ ብሎን የአጭሩ ቦታ ከገባ የፊቱን ፕላስቲክ ይበሳዋል። ላስቲኩን ከቦርዱ ላይ ቀስ ብለህ አላቅቀው። ሥሩ ያለውን ብናኝ አይተህ ትገረማለህ። የብርድ ልብስ ጠጉር፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ አንዳንዴ የድመት ፀጉር። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክረህ ቦርዱ ላይ ያሉትን ንክኪዎች አብስ። የላስቲኩን ጥቁር ነጥቦች ግን አትፈትጋቸው፣ ነካ ነካ አድርጋቸው። ካርቦኑ ከተላጠ ሌላ ላስቲክ መግዛት ነው። ዘይትነት ያለው ስፕሬይ በፍጹም። ዘይቱ ዛሬ ያስታግስልሃል፣ ነገ ደግሞ አቧራውን ጠርቶ ያመጣልሃል። ደርቆ ሲያልቅ ላስቲኩን መልሰህ ስትተክል ትናንሾቹ ጡቶች ሁሉ ቀዳዳቸው ውስጥ ገብተው መያዛቸውን እይ። አንዷ እንኳ ካልገባች ያው ችግር ወደ ጎረቤት ቁልፍ ይዛወራል።

ስትጨርስ ደግሞ በጨርቅ ሸፍነው። የዲጂታል ፒያኖ ትልቁ ጠላት ክፍት ሆኖ ማደር ነው።

ጥያቄ፦ ፒያኖ አስተምራለሁ። የዲጂታሉ ድምፅ በሄድፎን ሲሰማ ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ነው የሚመስለው። ስጫወትበት ግን የሆነ ነገር ይጎድለኛል፤ ምን እንደሆነ መግለጽ አቃተኝ። ሻጩ ‹‹ፖሊፎኒው 256 የሆነ ግዢ፣ ይስተካከላል›› አለኝ።
— መምህርት

መልስ፦ አይስተካከልም። ፖሊፎኒ ማለት መሣሪያው በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ማሰማት ይችላል ማለት ነው። ፔዳል ረግጠው ረጅም ነገር ሲጫወቱ ድምፆች ይደራረባሉ። ቁጥሩ ካነሰ የመጀመሪያዎቹ ሳያልቁ ይቆረጣሉ። በ32 በደንብ ይታወቃል። በ128 ሲቆረጥ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በላይ ያለው ለሻጩ ወሬ ማሳመሪያ ነው።

የጎደለዎትን ነገር በእጅዎ ያግኙት። ባለ ክሩ ፒያኖ ላይ መካከለኛውን ዶ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብለው ተጭነው ይያዙ። በሌላው እጅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለውን ዶ ጠንከር አድርገው መትተው ወዲያው ይልቀቁ። የመቱት ዶ ዝም ይላል። ያልመቱት ዶ ግን እየዘመረ ይቀራል። የያዙት ቁልፍ ዳምፐሩን አንስቶ ክሩን ነፃ አድርጎታል፤ የታችኛው ክር ሲንቀጠቀጥ ከላይኛው ዶ ጋር አንድ የሆነ ድምፅ ውስጡ አለና ቀሰቀሰው። አሁን ሙሉውን ፔዳል ሲረግጡ ይህ በሁሉም ክሮች መካከል እንደሚሆን ያስቡ። ጆሮዎ የናፈቀው ይህን ግርግር ነው።

ብዙዎቹ ዲጂታሎች የሚያሰሙት ስቱዲዮ ውስጥ አንድ በአንድ የተቀረጸ ድምፅ ነው። ዶው ሲቀረጽ ሶሉ አልነበረም። አንድ ላይ ሲጫወቷቸው አይተዋወቁም። የተሻሉት መሣሪያዎች ይህን መተዋወቅ አስልተው ይጨምሩበታል፤ አንዳንዶቹም ቅጂውን ትተው ድምፁን ከመሠረቱ በስሌት ይፈጥሩታል። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ያንኑ የሁለቱን ዶ ሙከራ ዲጂታሉ ላይ ይሞክሩት። ከብሮሹሩ በላይ ይነግርዎታል። ሄድፎኑን አውልቀው መስማትም አይርሱ። ባለ ክሩ የሚያሰማው በሙሉ የእንጨት ሰሌዳው ነው፣ ያውም እንጨቱ ጣትዎ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ዲጂታሉ ደግሞ ከሥሩ በተገጠሙ ትናንሽ ስፒከሮች ነው። ብዙ ጊዜ ደካማው እሱ ነው እንጂ ቅጂው አይደለም። ደህና ስፒከር ከውጭ ቢያገናኙበት ልዩነቱን ወዲያው ይሰሙታል።

ስለ ንክኪ ግን ከብዙ ሙዚቀኞች ጋር አልስማማም። ‹‹ባለ ክሩ ጣቴን ይረዳኛል›› ይላሉ። መዶሻው እኮ ክሩ ጋ ሊደርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ከቁልፉ ተላቆ ብቻውን ነው የሚበረው። ካልተላቀቀ ክሩ ላይ ተጣብቆ ድምፁን ያፍነዋል። ከተላቀቀ በኋላ ደግሞ ጣትዎ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ድምፁን የሚወስነው መዶሻው ይዞት የሄደው ፍጥነት ነው። ዲጂታሉም የሚለካው ፍጥነትን ነው። በድግግሞሽ ከመጡማ፣ ትልቁ አግድም ፒያኖ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ እንደገና መምታት ይችላል። ይህ የፒያኖ ሠሪው የሴባስቲያን ኤራር ዘዴ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ፒያኖ ግን በአብዛኛው ይህ ዘዴ የለውም። ስለዚህ ባለ ሦስት ሴንሰር (ከቁልፉ ሥር ሦስት ንክኪ ያለው) ዲጂታል፣ ጥገና ካጣ ቋሚ ፒያኖ በተሻለ ፈጥኖ ይደግማል። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ፤ ይቆጡ።

ጥያቄ፦ ፒያኖዬን ማንም አይጫወትበትም፤ ታዲያ ቅኝቱ ለምን ይጠፋል? ዲጂታልስ መቃኘት ይፈልጋል?

መልስ፦ ቅኝቱን በዋናነት የሚያዛባው የአየሩ እርጥበት ነው፤ ጣት የሚጨምርበት ትንሽ ነው። ከክሮቹ ጀርባ ያለው ሰሌዳ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስስ እንጨት ነው። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ክሮቹን ይገፋል፣ ድምፁ ይወጣል። ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ድምፁ ይወርዳል። የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን አለመዋዠቁ ይበልጣል። ፀሐይ ከሚያቃጥለው መስኮትና ከማሞቂያ አርቁት። በዓመት ሁለቴ ይቃኝ።

መዛባቱን በራስዎ ጆሮ መለየት ይችላሉ። መሀል ላይ አንድ ቁልፍ መትተው ይያዙና ዝም ብለው ያዳምጡ። ሦስቱ ክሮች ከተስማሙ ድምፁ ቀጥ ብሎ ይፈስሳል። አንዱ ካፈነገጠ ‹‹ዋ-ዋ-ዋ›› እያለ ይወዛወዛል። እኔ ስቃኝ ውዝዋዜው እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ሲቆም ነው እጄን የማነሳው።

ዲጂታል አይቃኝም። ቢሆንም ‹‹ዲጂታሌ ቅኝቱ ጠፋ›› ብለው የሚደውሉ አሉ። ትራንስፖዝ የሚለውን፣ ድምፁን ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን ነገር ልጅ ነክቶት ነው። አጥፍታችሁ ስታበሩት ካልተመለሰ መመሪያው ላይ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለሻውን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ አፓርታማ ነው የምኖረው። አኩስቲክ ፒያኖ አለኝ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሊያስወጣኝ ደርሷል። ልሽጠው?

መልስ፦ ከመሸጥዎ በፊት የመሀሉን ፔዳል ይዩት። በብዙ ቋሚ ፒያኖዎች እሱን ረግጠው ወደ ጎን ሲቆልፉት ስስ ሱፍ በመዶሻና በክር መካከል ይወርዳል። ድምፁ በእጅጉ ይቀንሳል። ችግሩ ድምፁ ስለሚታፈን ሰው ሳያውቀው እየደበደበ መጫወት ይለምዳል። የልጆችን እጅ በዚህ አላስለምድም።

ሌላው አማራጭ ሳይለንት ሲስተም ነው። ያማሃ እንዲህ ያለውን ፒያኖ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ዛሬ በሌሎችም ስም አለ፣ በነበረ ፒያኖ ላይ የሚገጠምም አለ። አንድ ዘንግ መዶሻዎቹን ክሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ያግዳቸዋል። ሴንሰሮች እንቅስቃሴውን አንብበው ድምፁን ወደ ሄድፎን ይልካሉ። አስገጣሚዎች የማይነግሯችሁ ነገር ግን አለ። መዶሻው ዘንጉ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ከወትሮው ቀደም ብሎ ከቁልፉ እንዲላቀቅ ተደርጎ ይስተካከላል። ያኔ በክሩ ሲጫወቱ በጣም ለስላሳውን ድምፅ መቆጣጠር ትንሽ ይከብዳል። የሚያስገጥሙት ሰው ይህን ማስተካከል የሚያውቅ ይሁን።

ዲጂታል ልግዛ ቢሉም ጎረቤትዎ ሙሉ በሙሉ አያርፉም። በሄድፎን ሲጫወቱ እንኳ የቁልፎቹ ግጭት በእግሮቹ በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። ወፍራም ምንጣፍና ላስቲክ ከሥሩ ያንጥፉ።

ጥያቄ፦ አሥር ዓመት ያገለገለኝ ዲጂታል ፒያኖ ሞተ። ጠጋኙ ‹‹ቦርዱ መለዋወጫ የለውም›› አለኝ። የአያቴ ፒያኖ ግን ከእኔ ዕድሜ በላይ ሆኖ ዛሬም ይሠራል። ባለ ሶኬት ዕቃ መግዛት ሞኝነት አይደለም?
— የተበሳጨ ጡረተኛ

መልስ፦ አባቴ፣ ብስጭትዎ ይገባኛል። የፒያኖ ፈልሳፊው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. በ1720 የሠራው ፒያኖ ዛሬም ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አለ። እንጨት፣ ሱፍ፣ ቆዳና ሽቦ የሆነ ነገር ሁሉ ሌላ እጅ መልሶ ሊሠራው ይችላል። የዲጂታሉን ዋና ቺፕ ግን ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ እኔ በእጄ ልሠራው አልችልም። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ሻጭ አይነግርዎትም።

ግን ‹‹ሞተ›› ከማለትዎ በፊት አዳፕተሩ ተፈትሿል ወይ? የጠፋ ዲጂታል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሰው ሌላ አዳፕተር ይሰካል፤ መሰኪያው ስለገባ ብቻ ትክክል ይመስለዋል። ቮልቴጁ ወይም የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቀማመጥ ከተለየ ጉዳት ያመጣል። ውስጥ ያለው የኃይል ክፍል ላይ ደግሞ ያበጡ ካፓሲተሮች ካሉ በርካሽ ይቀየራሉ።

አሁን ቢበራ ግን ድምፅ ባይሰጥ እንኳ አይጣሉት። ከኋላው ሚዲ ወይም ዩኤስቢ ቀዳዳ ይኖረዋል። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ነው፤ የዛሬ ኮምፒውተርም ይረዳዋል። ቁልፎቹ ደህና ከሆኑ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ድምፁን ከሶፍትዌር ያሰሙ። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ድምፁ የተሻለ ያገኛሉ። የድሮ ሚዲ ገመድ ብቻ ካለው በመካከሉ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ያስፈልጋል።

ለጠጋኝ ሲደውሉ ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር በፎቶ ይላኩለት። ፒያኖውንም ሲወስዱለት አዳፕተሩንና ፔዳሉን አብረው ይውሰዱ።